ደራሲው ጻፈ፣ ሙዚቀኛው ዘረፈ? የ19ኛው ክፍለ ዘመን ክርክር ከመልስ 1 እስከ 26

ይሄን ክር (ኢንተርኔት ላይ የተካሄደ ውይይት ነው) ሙሉውን ለማንበብ ጊዜ ለሌላችሁ ነው የምጽፈው። ረዝሟል፣ መሀሉ ላይም የማይረባ ነገር ገብቶበታል፣ ግን ውስጡ ያለው ቁም ነገር እንዲሁ ተቀብሮ ቢቀር ያሳዝናል። የማንንም ኮመንት ቃል በቃል አልገለብጥም፣ ማን ምን እንዳለ በራሴ አነጋገር ነው የምነግራችሁ፣ አንዳንድ ቦታም ጣልቃ እገባለሁ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

የከፋቹ፣ ማለትም ክሩን የጀመረው ሰውዬ፣ ፖስት አነጋገሩ ትህትና አለው፣ ሀሳቡ ግን ደፋር ነው። የ19ኛው ክፍለ ዘመን ሙዚቃ ከስነ ጽሑፍ ጉያ ወጥቶ በራሱ እግር ቆሞ አያውቅም ነው የሚለው። የታወቁ ኦፔራዎችን ታሪኩን ከጻፈው ደራሲ ጋር ይዘረዝራል፦ ፋውስት የጎተ፣ ካርመን የሜሪሜ፣ ኦኔጊን የፑሽኪን፣ ላ ትራቪያታ የትንሹ ዱማ፣ ሪጎሌቶ የሁጎ፤ እነዚህን መጻሕፍት ከመደርደሪያ ላይ ብታነሷቸው ኦፔራ ቤቶቹ ግማሽ ዓመት ተዘግተው ይከርማሉ ባይ ነው። በዛ ላይ የወሰዱትንም በወጉ አልያዙትም፣ ብልጡን ገጸ ባህሪ ጅል፣ ቀዝቃዛውን አልቃሻ አድርገው ነው የመለሱልን ይላል። መጨረሻ ላይ ጥያቄ ጣለ፦ መጽሐፉን አስቀድሞ አንብቦ፣ ከዛ ሙዚቃውን ሰምቶ፣ ሙዚቃው በለጠብኝ የሚል ሰው አለ ወይ? ጥያቄው ጥሩ ነው። ሰውየው ግን መልሱን አስቀድሞ በኪሱ ይዞ ነው የመጣው።

መልስ 1 እንደ ወጉ ምስጋና ነው። በሀሳቡ እስማማለሁ ካለ በኋላ የዜማ ደራሲውን የሹበርትን ስም ጨመረ፣ ከ600 በላይ መዝሙር የጻፈው ሰውዬ ግጥም ባይኖር ምን ይሰራ ነበር ብሎ።

መልስ 2ም ደጋፊ ነው፣ ግን ማስረጃ ይዞ ነው የመጣው። ቪክቶር ሁጎ ራሱ ኦፔራ የሚሰሩትን ሰዎች እንደ ሌባ ነበር የሚያያቸው ይላል። ዶኒዜቲ ከሱ ድርሰት የሰራው ሉክሬዚያ ቦርጂያ ፓሪስ ላይ ሲታይ ከሶ አሳግዷል፣ ሪጎሌቶ ፓሪስ ሲገባም ከሷል፣ ያኛውን ግን ተሸነፈ። እዚህ ድረስ ለከፋቹ ጥሩ ምስክር ነው። ችግሩ ራሱ መልስ 2 ወሬውን ሲቀጥል መጣ። ሪጎሌቶ የተወሰደበት ቴአትር በ1832 አንድ ምሽት ብቻ ታይቶ በማግስቱ በመንግስት ታገደ፣ ምክንያቱም ንጉስን ሴሰኛ አድርጎ ያሳያል። የሪጎሌቶ ሙዚቀኛ ቬርዲ በ1851 ቬኒስ ላይ ሊያወጣው ሲል ሳንሱሩ እሱንም ያዘው፣ ንጉሱ ወርዶ የማንቱዋ መስፍን ሆኖ ነው ያለፈው። እና ቴአትሩ ፓሪስ ላይ ተመልሶ የታየው በ1882 ነው፣ ከ50 ዓመት በኋላ! በመሀሉ ሰው ታሪኩን የሚያውቀው በዘፈኑ ነበር ማለት ነው። እንግዲህ ማን ማንን አዳነ ሊባል ነው? መልስ 2 ይሄን ሲጽፍ የራሱን ወገን እየናደ እንደሆነ የታወቀው አይመስለኝም። ሁጎም ቢሆን ኋላ ላይ የሪጎሌቶን የአራት ሰዎች ዜማ ሰምቶ፣ ቴአትር ላይ አራት ሰው ባንድ ጊዜ አናግሬ እንዲህ ግልጽ ላደርገው ብችል ብሎ እንደቀና ይወራል።

መልስ 3 ላይ ነው ድምፁ የጠነከረው። ዘረፋ የሚለው ቃል ይውጣልኝ ብላ ነው የጀመረችው። ምሳሌዋ ሹበርት በ1814፣ ገና በ17 ዓመቱ፣ ከፋውስት ውስጥ ያወጣው የግሬትሸን መዝሙር ነው። ልጅቷ ፈትል እየፈተለች ስለሄደው ሰው ታስባለች። የፒያኖ ተጫዋቹ ቀኝ እጅ ያለማቋረጥ እየዞረ መፍተያ መንኮራኩሩን ይሆናል፣ ግራ እጁ ደግሞ እግሯ የሚረግጠውን መርገጫ። አሳቧ እየጋለ፣ መንኮራኩሩም እየፈጠነ ሄዶ የሰውየው መሳም ላይ ስትደርስ ፒያኖው ቀጥ ይላል። በቃ ቆመ። ከዛ መንኮራኩሩ ይሞክራል፣ ይቆማል፣ እንደገና ይሞክራል፣ እንደምንም ተነስቶ ይቀጥላል። ይሄ ማቆም ጎተ ጋ የለም፣ ግጥሙ እንደ ፈትሉ ቀጥ ብሎ ነው የሚያልፈው። ሌላም አለ፤ ጎተ ግጥሙን የጨረሰው በመሳሙ ምኞት ጫፍ ላይ ነው፣ ሹበርት ግን ሰላሜ ጠፋ ወደሚለው ወደ መጀመሪያው መስመር መልሷት ነው ያበቃው። የሷ ክርክር ባጭሩ፣ ይሄ ሰውዬ የሰው ንብረት አልወሰደም፣ አነበበ፣ ያነበበበትን ቦታ ደግሞ በጣቱ አሳየን ነው። እኔ ከክሩ ሁሉ አንድ መልስ ምረጥ ብባል ወደዚህ ነው የማደላው፣ እስከ 21 ድረስ ካነበብኩ በኋላም ቢሆን።

እሷው ቀጥላ ስለ ጎተ ጨመረች። በ1816 የሹበርት ጓደኛ መዝሙሮቹን አስሮ ለጎተ ላከለት፣ ከሌላ የጎተ ግጥም የተሰራው ኤርልኮኒግም የግሬትሸንም አሉበት። ጥቅሉ መልስ ሳይኖረው ተመለሰ። ጎተ የሚወደው ወዳጁ ዜልተር የሚሰራለትን አይነት ዜማ ነበር፣ ግጥሙን ተሸክሞ ዝም ብሎ የሚሄደውን። ኤርልኮኒግን በትልቅ ዘፋኝ አፍ ሰምቶ ያደነቀው በ1830 ነው፣ ሹበርት ከሞተ በኋላ ማለት ነው። ስለዚህ ደራሲው ስላልወደደው ሙዚቃው ተበላሽቷል ማለት አይቻልም ነው ማጠቃለያዋ።

መልስ 4 ቫዮሊን የሚያስተምሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ ክሩ ላይ ሁሉም አንቱ የሚላቸው እሳቸውን ብቻ ነው። ቁጣ የለም፣ እንዲያው ነገሩ ወዲህም ወዲያም ይሄዳል ልጆች፣ ብለው አንድ ታሪክ አወሩ። ቤትሆቨን በ1803 ቪየና ላይ ለቫዮሊንና ለፒያኖ አንድ ከባድ ሶናታ ጻፈ። የጻፈው አባቱ ጥቁር ለሆነ ብሪጅታወር ለሚባል ጎበዝ ቫዮሊኒስት ነበር፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ያቀረቡትም ሁለቱ አብረው ነው። ከዛ ተጣሉ፣ ብሪጅታወር በኋላ እንደተናገረው በሴት ወሬ ነው። ቤትሆቨን ስሙን ሰረዘና ሶናታውን ለፈረንሳዊው ለክሮይትዘር አበረከተው፣ ክሮይትዘር ደግሞ በአደባባይ አንድ ቀን እንኳን ሳይጫወተው ሞተ። እንግዲህ ባልተጫወተው ሰው ስም የሚጠራው ሶናታ ከ80 ምናምን ዓመት በኋላ ቶልስቶይ እጅ ገባ። በ1889 የጨረሰው ልቦለድ ላይ አንዲት ሚስት ፒያኖ፣ አንድ እንግዳ ቫዮሊን ይዘው ይሄንኑ ሶናታ ይጫወታሉ፣ ባልየው ያዳምጣል፣ መጨረሻው ግድያ ነው። ባልየው በተለይ የሚፈራው የመጀመሪያውን ክፍል ፈጣን ቦታ ነው፣ እንዲህ ያለ ነገር ሳሎን ውስጥ በተሰበሰቡ ሴቶች ፊት ይጫወቱታል ወይ ብሎ ይቆጣል። መጽሐፉ ሩሲያ ውስጥ ታገደ፣ የቶልስቶይ ሚስት በ1891 እራሷ ዛሩ ዘንድ ገብታ ነው በተሰበሰቡ ስራዎቹ ውስጥ እንዲታተም ያስፈቀደችው። በ1901 ፕሪኔ የሚባል ፈረንሳዊ ሰዓሊ ቫዮሊኒስቱ ፒያኖ የምትመታዋን ሴት ሲስማት ሳላት፣ ያ ስዕል ኋላ የሽቶ ማስታወቂያ ሆነ። በ1923 ደግሞ ያናቼክ ልቦለዱን አንብቦ ለአራት ባለ አውታር መሳሪያዎች ሙዚቃ ጻፈበት። ከሙዚቃ ወደ መጽሐፍ፣ ከመጽሐፍ ወደ ስዕል፣ ከመጽሐፍ እንደገና ወደ ሙዚቃ። አስተማሪው ይሄን ሁሉ ጽፈው መጨረሻ ላይ ለከፋቹ ያስቀመጡለት አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፣ እዚህ ውስጥ ሌባው የትኛው ነው?

ከፋቹ እስካሁን አልመለሰላቸውም። ልብ በሉልኝ።

መልስ 5 መጽሐፉም ኦፔራውም ይቅርብኝ ፊልሙ ስንት ሰዓት ነው የሚል ቀልድ ነው፣ ብዙ ላይክ ያገኘውም እሱ ነው። ምን ይደረጋል።

መልስ 6 ካርመንን ይዞ መጣ፣ የከፋቹ ወገን ነው። የሜሪሜ ልቦለድ በ1845 ሲወጣ ተራኪው ስፔን ውስጥ ፍርስራሽ የሚፈልግ አንድ ምሁር ነው፣ ዶን ሆሴ ታሪኩን የሚነግረው እስር ቤት ሆኖ ሞቱን እየጠበቀ ነው፣ ካርመን የምትታየን በሁለት ወንዶች ዓይን አልፋ ነው። ኦፔራው ምሁሩን ጣለው። ሚካኤላ የምትባለውን ደግ የሀገር ቤት ልጅ ደግሞ ከየትም አምጥቶ ጨመረ፣ ለቤተሰብ ተመልካች እንዲመች። መጽሐፉ ላይ ሉካስ የሚባል ብዙም ቦታ የሌለው የበሬ ተዋጊ ኦፔራው ላይ ኤስካሚዮ ሆኖ በዘፈን ከተማውን አናወጠው። ይሄ ሁሉ ልክ ነው። ግን ሰውየው እዚህ አላቆመም፣ የካርመን ሙዚቀኛ ቢዜ ኦፔራው በመጋቢት 1875 ሲከሽፍበት ከሶስት ወር በኋላ በሀዘን ሞተ ብሎ አከለበት።

መልስ 7 በዚህች ዓረፍተ ነገር ላይ ዘለለችበት። ቢዜ የሞተው በልቡ ነው፣ ከዛ በፊትም ለረጅም ጊዜ ታማሚ ነበር፣ 36 ዓመቱ ነበር፣ ሰው በሞተ ቁጥር ልቡ ተሰብሮ ነው የምትሉ ሰዎች ልቦለድ ትጽፉ ይመስል ብላ ተቆጣች። ቀጥላ ደግሞ ሌብነት ካማራችሁ ይኸው ብላ ሀባኔራውን አነሳች። ካርመን ስትገባ የምትዘፍነውን፣ ሁሉም ሰው የሚያውቀውን ዜማ፣ ቢዜ የህዝብ ዘፈን መስሎት ነው የወሰደው፣ ባለቤቱ ግን ይራዲየር የሚባል ስፔናዊ የዜማ ደራሲ ነበር። ሙዚቀኛው የዘረፈው ሙዚቀኛ ሆኖ ተገኘ። እዚህ ላይ እኔም ሳቅ አምልጦኛል።

መልስ 8 ላይ ከፋቹ ተመለሰ፣ ትህትናው ቀንሷል። እስከዛ ድረስ እናንተ እያለ ሲጽፍ የነበረው ሰውዬ 7ን አንቺ ማለት ጀመረ። ሁላችሁም የምትሰጡኝ ከዳር ከዳር የተለቀመ ወሬ ነው፣ ዋናውን አትነኩም ብሎ የስፔዷን ንግስት አመጣ። ፑሽኪን በ1834 ያወጣት ትረካ የአንድ ቁጭታ ንባብ ናት፣ ቃል አይባክንባትም። ሄርማን የሶስቱን ካርታ ሚስጥር ለማግኘት አሮጊቷን አስፈራርቶ ገደለ፣ ልጅቷን ሊዛን መግቢያ በር አድርጎ ተጠቀመባት፣ መጨረሻ ላይ አበደ። ማጠቃለያዋ ጥቂት መስመር ናት፦ ሄርማን ኦቡኮቭ ሆስፒታል 17 ቁጥር ክፍል ተቀምጦ ሶስት፣ ሰባት፣ አስ እያለ ያጉተመትማል፣ ሊዛ ደግሞ ደህና ሀብት ያለው ጨዋ ልጅ አግብታለች። ይሄው ነው። ቻይኮቭስኪ ግን ሊዛን ቦይ ውስጥ ወርውሮ ገደላት፣ ሄርማን ራሱን በጩቤ እንዲገድል አደረገው፣ የሌለ እጮኛ ልዑል ፈጥሮ ጨመረ፣ ዘመኑንም ወደ ንግስት ካትሪን ጊዜ ጎተተው። ቀዝቃዛውን አልቃሻ አደረጉት ያልኳችሁ ይሄንን ነው አለ። እውነት ለመናገር ከለጠፋቸው ሁሉ ጠንካራው ይሄ ነው።

መልስ 9 የኔ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ላርዝመው። የዘረዘረው ለውጥ ሁሉ አለ፣ አንዱንም አልካድኩም። የኔ ነጥብ፣ ፑሽኪን ያን ቅዝቃዜ የፈጠረው ከሰዎቹ ራቅ ብሎ ቆሞ በሚያወራ ተራኪ ነው፣ ኦፔራ ውስጥ ደግሞ ተራኪ የለም፣ የሚዘፍነው ሄርማን ራሱ ነው። አንድ ሰው አፉን ከፍቶ ከዘፈነ በኋላ እየቀለድክበት መቆየት አይሆንልህም። ቻይኮቭስኪ በ1890 ፍሎሬንስ ሆቴል ተቀምጦ ሙዚቃውን በ44 ቀን ነው የጨረሰው፣ የሄርማንን ሞት ሲጽፍ እንዳለቀሰም ደብዳቤው ላይ አለ። ፑሽኪን ለሄርማን ያለቅሳል ብሎ የሚጠረጥር አለ? የለም። እንግዲህ አንዱ በሄርማን ፈረደ፣ ሌላው አዘነለት፣ የታሪኩ አጥንት ግን ያው ነው። እኔ ሁለቱንም እፈልጋለሁ። ኦፔራው ላይ አሮጊቷ ለመኝታ ስትዘጋጅ የወጣትነቷን የፈረንሳይ ዘፈን ለብቻዋ ታንጎራጉራለች፣ ድምጿ እንቅልፍ እየወሰዳት ይሄዳል፣ ሄርማን እዛው ክፍል ተደብቆ ይሰማታል። ከፋቹ ይሄን ቦታ ምነው ዘለለው? ፑሽኪን ጋ ስለሌለ ነው? ለነገሩ መልስ ብሎ የላከልኝ አንድ የአውራ ጣት ምልክት ነው፣ ወደ ታች።

ከ10 እስከ 12 ያለውን ዝለሉት። ነገርን ነገር ያነሳዋልና የፑሽኪን ስም ሲጠራ አንዱ ቅድመ አያቱ ጋኒባል አፍሪካዊ መሆኑን አነሳ፣ ትክክል ነው፣ በልጅነቱ ተወስዶ ታላቁ ጴጥሮስ ቤት ያደገ፣ ኋላ ጄኔራል የሆነ ሰው ነው፣ ፑሽኪንም ስለሱ ልቦለድ ጀምሮ ሳይጨርሰው ቀርቷል። ከዛ የትኛው አካባቢ ተወለደ በሚለው ሁለት ሰዎች ተያያዙ፣ ተሰዳደቡ፣ አድሚኑ ሰባት ኮመንት አጥፍቶ ከርዕስ ወጥታችኋል አለ። ያ ልቦለድ በአግባቡ ቢነሳ ራሱን የቻለ ክር ይወጣው ነበር።

መልስ 13 አየሩን ቀየረችው፣ ሰዓሊ ሳትሆን አትቀርም። ሁላችሁም ስለ መጽሐፍና ዜማ ታወራላችሁ ስዕል የት ሄደ ብላ ሰዓሊውን ዴላክሯን አስገባችው። በ1838 ሙዚቀኛውን ሾፓንንና ደራሲዋን ጆርጅ ሳንድን ባንድ ሸራ ላይ ሊስላቸው ጀመረ። ሾፓን ፒያኖው ላይ ነው፣ ደራሲዋ አጠገቡ ሆና ታዳምጣለች። ስዕሉ ሳያልቅ ሰዓሊው እስኪሞት ድረስ ስቱዲዮው ውስጥ ቀረ፣ ከሱ ሞት በኋላ አንዱ ባለቤት ለሁለት ቆረጠው፣ ሁለት ስዕል ከአንድ የተሻለ ያወጣል ተብሎ ነው ይባላል። ዛሬ ሾፓን ሉቭር ነው ያለው፣ እሷ ኮፐንሃገን አጠገብ ኦርድሩፕጎ ሙዚየም። ሾፓን ለብቻው ሲታይ የታመመና የተከፋ ሰው ይመስላል፣ ሳንድም ለብቻዋ ባዶ ቦታ ላይ ያፈጠጠች፤ እሱ እየተጫወተ፣ እሷም እየሰማችው እንደሆነ የሚያሳየው ነገር በመቀሱ ሄዷል። እኔ የሾፓንን ግማሽ ስንት መጽሐፍ ሽፋን ላይ አይቼዋለሁ፣ ቁራጭ መሆኑን የሚጽፍ ግን ብዙም አላጋጠመኝም።

መልስ 14 የሾፓን አፍቃሪ ነው፣ እና ከፋቹን በቀጥታ ሄደበት። ሾፓን ስራዎቹን ኖክተርን (የሌሊት ሙዚቃ)፣ ባላድ፣ ፕሪሉድ ብሎ ነው የሚተዋቸው፣ አሳታሚዎች የተረት ርዕስ ሲለጥፉበት ይናደድ ነበር። ዘጠኝ ዓመት አካባቢ ከደራሲ ጋር የኖረ ሰው፣ ልቦለዷን ወደ ፒያኖ አልቀየረም። እንዲያውም የሆነው ግልባጩ ነው፣ እሷ በ1846 ባወጣችው ልቦለድ ውስጥ አንድ ቀናተኛና በሽተኛ ልዑል አለ፣ ወዳጆቻቸው ሲያነቡት ሾፓንን አዩበት፣ እሷ ግን ካደች። ደራሲዋ ሙዚቀኛውን ወሰደችው እንጂ ሙዚቀኛው ደራሲዋን አልወሰደም ይላል። ጽሑፉ ላይ ትንሽ ምሬት አለ፣ ሳንድን አይወዳትም።

መልስ 15 ከኖክተርን ተነስታ ወደ ሰዓሊው ዊስለር ሄደች። ዊስለር ለንደን ላይ የሌሊት ወንዝ እየሳለ ስዕሎቹን ኖክተርን ይላቸው ነበር፣ ስሙን የጠቆመው ፒያኖ የሚለማመድ ስዕል ገዢው ሌይላንድ ነው። ከነሱ አንዱን፣ ጨለማ ውስጥ የሚረግፍ ርችት ያለበትን፣ ትልቁ ሀያሲ ረስኪን በ1877 ቀለም ህዝብ ፊት ላይ እንደመድፋት ነው ብሎ ጻፈበት። ዊስለር በስም ማጥፋት ከሰሰ፣ በ1878 አሸነፈ፣ የተፈረደለት ካሳ አንድ ፋርዚንግ ነው፣ የፔኒ ሩብ! የፍርድ ቤት ወጪው ግን አልቀረለትም፣ በአመቱ ከሰረ። ነጥቧ፣ ሰዓሊው ከሙዚቃ ስም የተበደረው ስዕሉ ታሪክ እንዲያወራ አልፈልግም ለማለት ነው፣ ሰዉ ይሄ ምንድነው ሲል ጥቁርና ወርቅ ነው ብሎ እንዲመልስ። ከፋቹ ሁሉም ነገር ከመጽሐፍ ይፈልቃል ካለ፣ ይኸው ከመጽሐፍ ለማምለጥ ወደ ሙዚቃ የሮጠ ሰው።

16ና 17ን ባንድ ላይ ላድርጋቸው። አንዱ ደራሲው ዞላና ሰዓሊው ሴዛን ከልጅነት ጀምሮ ጓደኛ ሆነው፣ ዞላ በ1886 ሸራው ፊት ራሱን የሚሰቅል ያልተሳካለት ሰዓሊ ልቦለድ ሲያወጣ ሴዛን ተቀይሞ ዳግመኛ አልጻፈለትም ብሎ አወራ። ሌላው በጨዋነት አረመው፣ ለረጅም ጊዜ እንዲያ ነበር የሚታመነው፣ ግን በ1887 ሴዛን ለዞላ አዲስ መጽሐፍ ስለላከለት የሚያመሰግንበት፣ ስትመለስ መጥቼ አይሃለሁ የሚልበት ደብዳቤ ብዙ ቆይቶ ተገኝቷል። መልስ 16 አመስግኖ ኮመንቱን አስተካከለ። እዚህ ክር ላይ እንዲህ ያደረገ እሱ ብቻ ነው።

መልስ 18 አንድ የጉብኝት ቪዲዮ አቀናባሪ ናት። ደንበኛዋ የኖርዌይ ፊዮርድ ላይ ጸሐይ ስትወጣ የኖርዌዩን ሙዚቀኛ የግሪግን የማለዳ ሙዚቃ አድርጊልኝ እያለ እንደሚነዘንዛት ነገረችን፣ ሁሉም ሰው በረዶና ተራራ ነው የሚታየው። ሙዚቃው ግን ፔር ጊንት ከሚባለው የኢብሰን ቴአትር አራተኛ ድርጊት ነው፣ ቦታው ሰሜን አፍሪካ፣ ጸሐይዋም የሞሮኮ ጸሐይ ናት። ፔር በዛን ሰዓት ባሪያ ሸጦ የከበረ ጎልማሳ ነው። ይሄን ለደንበኛው ስትነግረው ምንም አይደል ያምራል ብሏታል። ለከፋቹ ጥያቄ መልስ ሳይሆን አይቀርም፣ ኢብሰን እራሱ በ1874 ግሪግን በደብዳቤ ለምኖ ያሰራው ሙዚቃ ነው፣ ዛሬ ግን ዜማው ከቴአትሩ ተነቅሎ የትም ይሄዳል።

መልስ 19 ከፋቹ ነው። አሁን ክርክሩን አጠበበው፣ እኔ የምለው ስለ ኦፔራ ብቻ ነው አለ። መጀመሪያ ላይ እንዲያ አላለም፣ ወደ ላይ ወጥታችሁ ማየት ትችላላችሁ። መልስ 20 ይሄን ይዞ አፌዘበትና ሙዚቀኛውን በርሊዮዝን ጨመረለት፣ በ1827 ፓሪስ ላይ ሀምሌትን በእንግሊዝኛ አይቶ፣ ቋንቋውን ሳይችል፣ ኦፌሊያ ሆና በተጫወተችው ሀሪየት ስሚዝሰን ፍቅር አብዶ በ1830 ያን ሁሉ ሲምፎኒ የጻፈው፣ በ1833ም ያገባት። ቃሉን ሳይሰማ ከቴአትር የተቃጠለ ሰው። ትዳሩ አልሰመረም፣ ሲምፎኒው ግን አለ።

መልስ 21። እስካሁን ማንም ለከፋቹ ጥያቄ ቀጥታ መልስ አልሰጠም፣ መጽሐፉን አንብቦ ኦፔራውን ያየ ሰው አላመጣም ብላ ጀመረች። እኔ አለችኝ፣ ስሟ ኤማ ቦቫሪ ይባላል፣ የፍሎቤር ልቦለድ ገጸ ባህሪ። ኤማ በልጅነቷ የዋልተር ስኮትን ልቦለዶች በልታቸዋለች፣ ባሏ ሻርል ደግሞ ሩዋን ከተማ ወስዶ ሉቺያን፣ ከስኮት የተወሰደውን የዶኒዜቲን ኦፔራ ያሳያታል። ያነበበችው ትዝ ስለሚላት ታሪኩን ያለ ችግር ትከተላለች፣ ዘፋኙ ላይ ያን ሁሉ ያልኖረችውን ኑሮ ትጭንበታለች፣ ውሰደኝ ብላ ልትጮህ ምንም አልቀራት። ከዛ ሊዮን የሚባለው የድሮ ሰው ሎጁ ውስጥ ብቅ ሲል ኦፔራው ባንዴ ያልቅባታል፣ የሉቺያ እብደት ጋ ሲደርሱ ዘፋኟ በጣም ትጮሀለች ብላ ተነስታ ትወጣለች። እብደቱ የኦፔራው ጫፍ ነው እኮ! ፍሎቤር አንድ ምሽት ውስጥ መጽሐፉም ሙዚቃውም ሰው ላይ ምን እንደሚሰሩ አሳይቷል፣ ሁለቱም የሚሰሩት ሰውየው ይዞት በመጣው ነገር ላይ ነው። ይሄን ካለች በኋላ መርፌዋን ወጋች። ሻርል በዛው ምሽት አጠገቧ ቁጭ ብሎ ይሄ ማነው፣ ያኛው ለምን ያሳድዳታል እያለ ይጨቀጭቃታል፣ ታሪኩ ያልገባውም ሙዚቃው ቃሉን ስለሚያበላሽበት እንደሆነ ይናገራል። ከፋቹ የተቀመጠው የማን ወንበር ላይ እንደሆነ ራሱ ይይ አለች።

ጨካኝ ናት። ግን ትክክል ናት።

መልስ 22 ከፋቹ፣ ቱግ ብሎ። ሻርል መባል ስድብ ነው፣ አድሚን የት አለ አለ። አድሚኑ የልቦለድ ገጸ ባህሪ ስም ስድብ አይባልም ብሎ ተወው። ከፋቹ ግን በባዶ አልሄደም፣ ለሱም ፍርድ ልስጠው፣ ቶልስቶይን ጠራ። ጦርነትና ሰላም ላይ ናታሻ ኦፔራ ስትገባ የሚታያት የተቀባ ካርቶን፣ በጠባብ ሱሪ የተወጠረ ወፍራም ሰውዬና እጁን እየዘረጋ መዝፈኑ ነው፣ ቶልስቶይ የኦፔራን ውሸት እንዲህ ገፎታል፣ እኔ ከሻርል ጋ ሳይሆን ከቶልስቶይ ጋ ነኝ አለ። ጥሩ አመላለስ ነው።

መልስ 23 ላይ የቫዮሊን አስተማሪው ተመለሱ። ናታሻ በዛው ምሽት መጨረሻ ላይ ያን ሁሉ ካርቶን ለምዳው፣ ሁሉም ነገር ትክክል መስሎ እንደታያት፣ የሚያታልላት አናቶልም የገባው በዛ በር እንደሆነ አስታወሱት። ቀጥለውም ቶልስቶይ በ1876 ሞስኮ ኮንሰርቫቶሪ ሲሄድ የቻይኮቭስኪን የመጀመሪያ ኳርቴት ተጫወቱለት፣ ዝግተኛው ክፍል ላይ ሲደርሱ ቻይኮቭስኪ አጠገቡ ተቀምጦ እንባው ሲወርድ አይቶታል። አራት መሳሪያ ነው፣ ቃል የለውም፣ ገጸ ባህሪ የለውም። ከቶልስቶይ ጋ ነኝ ካልክ ልጄ፣ እዚህም አብረኸው ቁጭ በል አሉት። ከፋቹን ልጄ ብለው የጻፉለት ይሄኔ ነው፣ እሱም ከዚህ በኋላ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ ኳርቴቱን እንደማያውቀውና እንደሚፈልገው ጻፈላቸው። የክሮይትዘሩን ጥያቄ ግን አሁንም አልመለሰም።

የቀረው ወደ ሌላ ዞሯል። መልስ 24 ሹበርት በ1827 የጻፈውን የክረምት ጉዞ 24 መዝሙሮች በየትኛው ቅደም ተከተል ልስማ ብሎ ጠየቀ። የዋህ ጥያቄ ይመስላል ግን አይደለም። ሹበርት መጀመሪያ ያገኘው 12ቱን ግጥሞች ብቻ ነበር፣ ያለቁ መስለውት እነሱን ሰራ፣ ከዛ ሙሉው መጽሐፍ እጁ ሲገባ ሌላ 12 ተጨመሩ፣ ገጣሚው ሙለር ግን አዲሶቹን ከድሮዎቹ መሀል መሀል ነበር ያስገባቸው። ሹበርት የጀመረውን አላፈረሰም፣ የቀሩትን ከኋላ ቀጠላቸው። ስለዚህ ገጣሚው ያሰበው ጉዞና ዘፋኙ የሚሄደው ጉዞ መንገዳቸው ይለያያል፣ ሙለር ደግሞ በዛው ዓመት በ32 ዓመቱ ስለሞተ አልሰማውም። መልስ 25 የሹበርቱን እንጂ ሌላ አትንካ ብሎ ቆርጦ መለሰ፣ 26 ደግሞ በሙለር ቅደም ተከተል አንድ ጊዜ ሞክሬው የፖስታው መዝሙር ቀደም ብሎ ሲመጣ ሰውየው ገና ተስፋ ያለው ይመስላል ብላለች፤ ዝርዝሩን ጎን ለጎን አድርጌ እለጥፋለሁ ያለችውም እሷ ናት፣ ይሄን እስከምጽፍ ግን አልለጠፈችም።